ባዶ የመጡት ቅርጫቶች

ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ነገር የወፍ ጎጆ አልነበረም። ሴንግላ ፀሐዩን በእጇ ከልላ ደግማ አየችው። ከተፈለጠ ቀርከሃ የተሠራ ቀለበት ነው። መሐሉ ላይ ሽቦ በመስቀል ተወጥሯል፤ ሽቦው ላይ የጠቆረ የጨርቅ ቁራጭ ተጣብቋል። ወረቀቱ ከጠፋ ቆይቷል። አጠገቡ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ሌላ ነበር፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ።

የሚበሩት ፋኖሶች ናቸው። በአገሩ የጨረቃ አቆጣጠር በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ሙሉ ጨረቃ ላይ፣ ሰው ሁሉ ምኞቱን ተመኝቶ፣ እሳት ለኩሶ፣ ወደ ሰማይ ይለቃቸዋል። ሲወጡ ያላየ የለም። የት እንደሚወርዱ ግን የሚጠይቅ የለም፤ ሴንግላም ብትሆን እስከዛሬ ጠይቃ አታውቅም።

ሜዳውን ዞር ዞር ብላ አየች። በወንዙ በኩል ያሉት ዛፎች ንጹሕ ናቸው። በመግቢያው በኩል ያሉትም እንደዚያው። ቀለበቶቹ ያሉት በዚህ በኩል ብቻ ነው፤ አዲስ ቀይ ጠጠር በፈሰሰበት፣ «የእጅ ጥበብ መንገድ» የሚል ሰሌዳ በተተከለበት በኩል። ፊቷን ወደ ወንዙ ስታዞር ቀዝቃዛ ነፋስ ተቀበላት። ዝናቡ ሲያበቃ ከተራራው የሚነሣው ነፋስ ነው፤ በዚህ ወር ሌላ አቅጣጫ አያውቅም።

እዚህ የመጣችው በእናቷ ፈንታ ነው። እናቷ ካምሱክ ለመንደሩ ሁሉ ባዛር የምታይ ሴት ናት። የመንደሩ ሰው የወረቀት ጃንጥላ ይሠራል። የዝናቡን ወራት ቀርከሃ ሲፈልጥ፣ ወረቀት ሲለጥፍ፣ ዘይት ሲቀባ ይከርምና ለሙሉ ጨረቃው በዓል ሁሉም ዕቃውን በአንድ መኪና ጭኖ ወደ አንድ ባዛር ይሄዳል። የትኛው እንደሆነ የሚቆረጠው እሷ አይታ ስትመለስ ነው። የአዘጋጆችን ወሬ ከቁም ነገር አትቆጥረውም። የምታየው የሚወጣውን ሰው እጅ ነው። ሰዉ ሁሉ የተጠበሰ ሥጋ በእንጨት ይዞ የሚወጣ ከሆነ «የሆድ ባዛር ነው» ብላ ትተወዋለች። መኪና ማቆሚያው ሩቅ ከሆነ ትልቅ ጃንጥላ ተሸክሞ የሚሄድ የለም። ድምፅ ማጉያው ከዳሱ አጠገብ ከተተከለ ዋጋ የሚጠይቅ የለም። ከዳሶቹ ጀርባ ደግሞ ዞራ የአምናውን ቆሻሻ ታያለች። አዘጋጁ የደበቀውን እዚያ አገኘዋለሁ ትላለች።

ዘንድሮ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት እግሯን መሬት ማስነካት አልቻለችም። «አንቺ ሂጂ» አለቻት። «አሥራ አምስት ሞልቶሻል፣ ዓይንም አለሽ። ያየሽውን ይዘሽልኝ ነይ።» ሴንግላ ኮራች፤ ከዚያ ፈራች።

እውነቱን ለመናገር የመንደሩ ልብ ወደዚህ ባዛር ከሄደ ቆይቷል። ምክንያቱ የሉንግ ሙን ቅርጫቶች ናቸው። መንደሩ እንዳለ «ሉንግ»፣ ማለትም አጎቴ፣ የሚላቸው እኚህ ሰው ማራገቢያ ሠሪ ናቸው። ልጃቸው ፋንግ የሴንግላ የልብ ጓደኛ ናት፤ ከመዋለ ሕፃናት ጀምሮ ከአንድ ወንበር ተለያይተው አያውቁም። አምና ሌላው ሰው ወደ ድሮው የቤተ መቅደስ ባዛር ሲሄድ ሉንግ ሙን «እኔ አዲሱን ልሞክር» ብለው ልጃቸውን ይዘው ወደዚህ መጡ። ሌላው ግማሽ ዕቃውን ይዞ ሲመለስ የእሳቸው ቅርጫቶች ባዶ ሆነው ተመለሱ። በዚያ መንደር ባዶ ቅርጫትን የሚያህል ምስክር የለም። ዓመቱን ሙሉ የተወራው ስለዚያ ነው።

«የካምሱክ ልጅ አንቺ ነሽ አይደል?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

የባዛሩ አዘጋጅ ኩን ዊሩት ነው፤ «ኩን» አቶ እንደማለት ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ በእጁ በረዶ የሞላበት የሎሚ ጭማቂ ይዟል። ጭማቂውን ያመጣው ለእሷ ነው። ሰውየው ክፉ ፊት የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

«ይሄ መስመር እንዳለ የእናንተ ነው» አላት። «ከዚህ እስከዚያ ጥግ፣ ግራና ቀኝ። ከላይም በገመድ ጃንጥላ እንሰቅልበታለን። ሰዉ ፎቶ ለመነሣት ሲጋፋ ታዪዋለሽ።»

«ፋኖሱ የሚለቀቀው ከየት ነው?»

«ከወንዙ ዳር ነዋ። ዘንድሮ የአምናው እጥፍ ነው። ከከተማ በአውቶቡስ ነው የሚመጡት።»

«ነፋሱ ግን ከዚያ ወደዚህ ነው» አለች ሴንግላ። ወደ ዛፉ ጠቆመች። «እነዚያ የአምናዎቹ ናቸው?»

ኩን ዊሩት ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «ፋኖስ የትም ይወድቃል የኔ እህት። የሚወርደው ደግሞ ጠፍቶ ነው። ይልቅ የጓደኛሽን አባት ጠይቂያቸው። ቅርጫታቸው ባዶውን አይደል የገባው?» ሳቅ አለ። «ጠጪ እንጂ፣ በረዶው ቀለጠ።»

ስልኩ ጠራና እያወራ ራቀ። ሴንግላ ጭማቂውን አልቀመሰችውም። አንድ ነገር ከነከናት። ስለ ባዶዎቹ ቅርጫቶች የሚያወራው የእነሱ መንደር ነው። ይሄ ሰው ቅርጫቶቹ መንደር ሲገቡ ባዶ እንደነበሩ በምን አወቀ?

እናቷ ብትሆን አሁን የት እንደምትሄድ ታውቃለች። ከዳሶቹ ጀርባ ዞረች። እዚያ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ፤ ዝናቡ ያበቀለው ሣር ውጦታል። በእንጨት ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረገችው። መጀመሪያ ያገኘችው የቀለጠ ላስቲክ ነው። ቀጥሎ ከጭቃ ጋር የጋገረ አመድ ወጣ። ከሥሩ ቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎች ነበሩ፣ በእስር በእስር ሆነው፣ ከሰል መስለው። አንዱን መዘዘችው። ያልተቃጠለው ጫፉ እንደ ዓሣ ጭራ ተቀርጿል።

የዓሣ ጭራ የሚቀርጹት ሉንግ ሙን ብቻ ናቸው። ከእያንዳንዱ ማራገቢያ እጀታ ሥር ያቺ ጭራ አለች። ልጅ ሳሉ ለእሷና ለፋንግ ሊያስተምሯቸው ሞክረው የሁለቱም የእንቁራሪት እግር መስሎ ሲወጣ እስኪያለቅሱ ስቀውባቸዋል።

ቦዩን እየገለጠች ጥቂት ሄደች። ዘንጎቹ አላልቅ አሉ። የተሸጠ ማራገቢያ ሰው ቤት ነው የሚሆነው፤ ቦይ ውስጥ ምን ይሠራል?

አንድ እስር ዘንግና ከታችኛው ቅርንጫፍ ያወረደችውን አንድ ቀለበት በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከተተች። መውጫው ላይ ሙዝ የምትጠብስ ሴት አስቆመቻት።

«የዘይት ጃንጥላዎቹ ሰዎች እናንተ ናችሁ?»

«አዎ።»

ሴትዮዋ ወደ ቀዩ ጠጠር አየች። «እኔ አምና እዚያ ነበርኩ። ዘንድሮ ወደ መግቢያው ተጠግቻለሁ።»

«ለምን?»

ሴትዮዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ከሴንግላ ኋላ ነጭ ሸሚዝ የለበሰውን ሰው አየችና ዓይኗን ወደ ፍሙ መለሰች። «ሙዝ ልስጥሽ?» አለች።

*

ፋንግ በራፋቸው ላይ ስልኳን ይዛ ጠበቀቻት። እንደ ሁልጊዜው ያንን እጅጌው ረጅም ጃኬት ለብሳለች። ከአምናው በዓል ወዲህ አውልቃው አታውቅም። በሚያዝያ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ በሚንከራተትበት ሙቀት፣ ክፍል ውስጥ እየነደደች ትቀመጥ ነበር። ሲጠይቋት «የኮሪያ ስታይል ነው፣ ፋራ ሁላ» ትላለች።

«እሺ፣ እንዴት ነው? ሙድ አለው አይደል?» አለቻት። «የአክስቴ መንደርም እኮ ይመጣል። የወረቀት ባንዲራ ሠሪዎቹ። ነገ ማታ ነው የሚጭኑት። እኔ ነኝ ያሳመንኳቸው። መስመሩን ተካፍለን የኛ ባንድ በኩል የነሱ ባንድ በኩል ሲሆን አስቢው።»

ሴንግላ አጠገቧ ተቀመጠች። የሚባለውን ነገር መንገድ ሙሉ ስትፈልግ ነበር የመጣችው፤ አላገኘችም። ቦርሳዋን ከፍታ አንዱን ዘንግ አወጣችና ፋንግ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

ፋንግ ዘንጉን አልነካችውም። ስልኳን ቀስ ብላ አጠፋችው። «ከየት አመጣሽው?»

«ከቦዩ።»

«ሰው አይቶሻል?»

ሴንግላን ያናደዳት ይሄ ነው። «ሰው አይቶሻል ነው የምትዪኝ? ፋንግ፣ ዓመቱን ሙሉ ተሸጦ አለቀ ስትዪ አልነበር? የመጨረሻዋን ማራገቢያ ሁለት ሴቶች ተጣሉባት ብለሽ አልነገርሽኝም?»

ፋንግ በጓሮ በኩል የአባቷን መቅረጫ ቢላ ድምፅ አዳመጠች። ሥራ ላይ መሆናቸውን ስታረጋግጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «አንዲት ፋኖስ ናት የወደቀችው። አንዲት። ከዳሱ ጣሪያ ላይ አረፈች፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ሰማይ ነበር የሚያየው። ወረቀት እንዴት እንደሚነድ ታውቂ የለ? እኔ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ሳንቲም እፈልግ ነበር። አባዬ በእጄ ጎትቶ አወጣኝ።» ቀኝ ክንዷን በጃኬቱ ላይ አሸት አደረገችው። «ቅርጫቶቹ ከኋላ ስለነበሩ ተረፉ። ባዶ ቅርጫቶች። መኪናው መንደር ሲገባ ሁላችሁም ወጥታችሁ አጨበጨባችሁ። አሮጊቷ ኡይ ፓን እንኳ አባዬን አቅፈው ሳሙት። እሱ ምን ይበል?»

«እውነቱን ይበላ።»

«ላንቺ ይቀልሻል። ከዚያ ኩን ዊሩት መጣ። መንደሩን ካመጣህልኝ መንገድ ዳር ሱቅ እሰጥሃለሁ አለው። አፍህን ከከፈትክ ግን እሳቱን ያስነሣኸው አንተ ነህ እላለሁ አለው። አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም።» ፋንግ ዘንጉን አነሣችና እጅጌዋ ውስጥ ደበቀችው። «በናትሽ ሴንግላ። ዘንድሮ ባልዲ ውሃ እናስቀምጣለን። አንዷ ስለወደቀች ሁሌ ይወድቃል ማለት አይደለም። አታካብጂ።»

«ዛፎቹን አይተሻቸዋል?»

ፋንግ እጅጌዋን ወደ ታች ጎተተች።

«የማራገቢያ ወረቀት ደረቅ ነው» አለች ሴንግላ። «የኛው ዘይት ጠጥቷል። ከላይም በገመድ ሊሰቅሉት ነው። ያንን አስበሽዋል?»

«አባዬን በሰው ፊት ታዋርጂዋለሽ ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ሴንግላ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች። ልትላት የፈለገችው ብዙ ነበር። ያለችው ግን «ነገ ከሰዓት እኛ ግቢ ነው ሰዉ የሚሰበሰበው» ብቻ ነው። «አባትሽ ቀድመው ቢናገሩ ደስ ይለኛል።»

*

እቤት ስትገባ እናቷ እግሯን የሎሚ ሣር በተቀቀለበት ውሃ ነክራ ተቀምጣለች። ታናሽ እህቷ ጁም በጃንጥላ ቁርጥራጭ ወረቀት አልጋ ትሠራለች። ጁም አራት ዓመቷ ነው። በየባዛሩ የምትተኛው ጠረጴዛው ሥር፣ ከወረቀትና ከጨርቅ በምትሠራው ጎጆ ውስጥ ነው። ካልተኛች አገር ይያዝልኝ ስለምትል ማንም ከዚያ አያስወጣትም።

«ምን አየሽ?» አለች እናቷ።

«ነገ ሁሉም ሲሰበሰብ ብናገር ይሻለኛል፣ እማዬ።»

እናቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ጥሩ ቢሆን ኖሮ አሁን ትነግሪኝ ነበር» አለችና ሌላ አልጠየቀቻትም። ጁም የሠራችው አልጋ ላይ ተኝታ ዓይኖቿን ጨፍና «ሴንግላ፣ እዪኝ፣ ተኝቻለሁ» ስትል ሴንግላ ማየት አልቻለችም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ግቢው በሰው ሞላ። ሣሩ ላይ ቀይና ቢጫ ጃንጥላዎች ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የዘይቱ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። ሴንግላ የተወለደችው እዚህ ሽታ ውስጥ ስለሆነ ሽታ መሆኑንም ረስታው ነበር። ዛሬ ግን ተሰማት።

ሉንግ ሙን ከሁሉም ወደ ኋላ፣ አጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ፋንግ አጠገባቸው መሬት መሬት ታያለች። ሴንግላ ጠበቀች። ሰላምታው አለቀ፣ የእናቷ እግር ተጠየቀ፣ ውሃ ተቀዳ። ሉንግ ሙን አልተናገሩም።

«ታዲያ አንቺ ልጅ» አሉ ኡይ ፓን። «ኡይ»፣ ማለትም አያቴ፣ የሚባሉ የመንደሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ጥርሳቸው አልቆ ምላሳቸው የቀረ። «እናትሽ ዓይኗን ነው ያዋሰችሽ ወይስ ምላሷን? ዓይኗን ከሆነ ደግ፣ ምላሷ ግን ለሷም አልበጀ።»

ሰዉ ሳቀ። ሴንግላ ቆማ መናገር ጀመረች። መኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው አለች። ድምፅ ማጉያው ሩቅ ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሁለት ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ይተላለፍበታል። ሰዉ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀለበቱን አወጣችና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

«እነዚህ ከመስመራችን በላይ ባሉት ዛፎች ላይ ናቸው። ሌላ ቦታ የሉም፣ የኛ መስመር ላይ ብቻ። ነፋሱ ፋኖሶቹን ወደኛ ነው የሚያመጣቸው። የኛ ዕቃ ደግሞ ዘይት ነው።»

ኡይ ፓን ቀለበቱን አገላብጠው አዩት። እጀታ የሚቀርጸው ጎረምሳ ትከሻውን ነቀነቀ። «ፋኖስ በየዓመቱ ጣሪያችን ላይም ይወድቃል። እስካሁን ነድደን እናውቃለን እንዴ? ይልቅ የቀመሰው ሰው እዚህ የለ? ሉንግ ሙን ይናገሩ።»

«እውነት ነው፣ ሙን ይናገር» አሉ ሌሎችም።

ሁሉም ወደ አጥሩ ዞረ። ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ አለች ሴንግላ በልቧ። ሉንግ ሙን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ከዚያ የሚያዩዋቸውን ፊቶች ሁሉ አዩ።

«ጥሩ ባዛር ነው» አሉ። ሌላ ሰው የጻፈውን እንደሚያነብ ሰው ነበር የተናገሩት።

«በቃ፣ አለቀ» አለ ጎረምሳው። ሰዉ መንጫጫት ጀመረ። ማን በየት በኩል ይሁን፣ መኪናው ስንት ሰዓት ይነሣ። ጁም ከእናቷ ጭን ላይ ቆማ እጇን አወጣች። «እኔ ጠረጴዛው ሥር ተኝቼ ፋኖሶቹን አያለሁ» አለች። ሁሉም ሳቁ። ኡይ ፓን ጉንጯን ቆነጠጧት።

ሴንግላ አልሳቀችም። ፋንግን አየቻት። ፋንግም በዚያች ቅጽበት ቀና ብላ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ልመና ነው ወይስ ሌላ ነገር፣ ሴንግላ ሊገባት አልቻለም። ጓደኛዋን እንደምታጣት ግን አወቀች፤ እጇን ወደ ቦርሳው አስገባች።

የማንንም ስም አልጠራችም። ዘንጎቹን አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ደረደረቻቸው፣ ከሰል የሆነውን ጫፍ ወደ ራሷ፣ የዓሣ ጭራውን ወደ ሰዉ አድርጋ። «ከመስመሩ ጀርባ ቦይ አለ» አለች። «በነዚህ የተሞላ ነው።»

የሚያስረዳቸው ሰው አላስፈለገም። ኡይ ፓን አንዱን ዘንግ አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ሙን» አሉ። ስማቸውን ብቻ።

ሉንግ ሙን እጃቸውን ተመለከቱ። «መኪናው ሲገባ አጨበጨባችሁ» አሉ። «እኔ ምንም አልተናገርኩም ነበር። እናንተ ናችሁ ተሸጠ ያላችሁት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ከበደኝ። ከዚያ በየቀኑ እየከበደ ሄደ።»

«የሰው ልጅ ልታስጠብስ ነበር?» አለ ጎረምሳው ከመቀመጫው ተነሥቶ። ሌላው ያዘው። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ፣ ማንንም ሳትሰናበት ከግቢው ወጣች። ሉንግ ሙን አልተከላከሉም፤ አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ። ሴንግላ ያዘነችው ያኔ ነው። ሲሰድቧቸው ቢመልሱ ይሻላት ነበር።

«ይበቃል» አለች እናቷ። ጁምን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛታለች። «እኛ ወደ ድሮው ባዛር ነው የምንሄደው። ግማሹ ዕቃ ሳይሸጥ ይመለስ። ሰው ሙሉ ይመለስልኝ እንጂ።»

ሰዉ ሊበተን ሲል ፋንግ ቆመች። «የአክስቴ መንደር ዛሬ ማታ ይጭናል» አለች።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ያንን ያስታወሰ አልነበረም።

«ደውዪላቸዋ» አለች የሴንግላ እናት።

«ጠዋት ደወልኩ።» የፋንግ ድምፅ ቀጥ ብሎ ነበር የወጣው። «ምቀኛ አሉኝ። ቦታውን ለራሳችሁ ልትይዙት ነው አሉኝ። በስልክ አይሆንም። ለነሱ ተሸጦ አለቀ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ አባዬ አይደለም። ማየት አለባቸው።»

ጃኬቷን አውልቃ አጥሩ ላይ ሰቀለችው። ከክርኗ እስከ እጇ አንጓ ያለው ቆዳ ተጨማዶ ያብለጨልጫል። መንደሩ ዓመቱን ሙሉ ሲያያት ከርሞ ያንን አላየም። የሴንግላ እናት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፋንግ ማንንም ሳታይ በር ላይ ወዳቆመችው ሞተር ሳይክል ሄደች።

ሴንግላ ቆማ አየቻት። ንዴቷ አልወጣላትም፤ ቶሎ የሚወጣም አይመስላትም። ተጣልተው እንኳ እውነቱን ትነግረኛለች ብላ የምታምናት አንድ ሰው እሷ ነበረች። ሞተሩ ተነሣ። ሴንግላ ጎንበስ ብላ ዘንጎቹንና ቀለበቱን ከምንጣፉ ሰበሰበች፣ ግቢውን አቋርጣ ሄደችና ከኋላ ተፈናጠጠች። ፋንግ ዞር ብላ አላየቻትም፤ ግን እስክትደላደል ጠበቀቻት።

ወደ አክስቷ መንደር የሚወስደው መንገድ በባዛሩ ሜዳ ጎን ያልፋል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። በወንዙ ዳር አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ሠራተኞች ካርቶን ያወርዳሉ። የተከፈቱት ካርቶኖች ውስጥ ነጭ ፋኖሶች ተጣጥፈው ተደርድረዋል፤ ያልተከፈቱት ከሰው ቁመት በላይ ተከምረዋል። በቀዩ ጠጠር ላይ ገመዶቹ ከዛፍ ዛፍ ተወጥረዋል። ኩን ዊሩት ከመኪናው አጠገብ ሆኖ አያቸው፣ አወቃቸውና ፈገግ ብሎ እጁን አነሣላቸው።

ሁለቱም እጃቸውን አላነሡም። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ይመጣል፣ ያለማቋረጥ። ቅርንጫፎቹ ላይ ያሉት ቀለበቶች ይወዛወዛሉ።

«ያዢኝ፣ ልፈጥን ነው» አለች ፋንግ።

ሴንግላ በአንድ እጇ ዘንጎቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ በሌላው ጓደኛዋን ያዘች።